የሰባተኛው ፎቅ መንጠቆዎች

አዲሱ ግድግዳ ለሳኝ በሕንፃው ሰባተኛ ፎቅ፣ ከውጭ በተሠራው የእንጨት መወጣጫ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየ። ሚስቱ ከወለደች ገና ሳምንቷ ነበርና፣ ከዚያ ወድቆ ሕፃኗን ያለ አባት እንዳያስቀራት ፈራ። ስለዚህ የደኅንነት ቀበቶውን አጥብቆ ታጠቀና መንጠቆውን የሚያስርበት ጽኑ ነገር በዓይኑ ይፈልግ ጀመር።

«የባሕር ዛፉን አጣና አትመነው፤ በእኔ ቀበቶ ላይ ቆልፈው» አሉት ከፊቱ የሚለስኑት ጋሼ ዘርጋው።

ቆለፈና፣ «እርስዎስ በማን ላይ ቆልፈዋል?» ሲል ጠየቀ።

«በላቀው ላይ ነዋ! ላቀው እኮ በሬ ነው።»

«ላቀውስ?»

«ከማዕዘኑ ወዲያ ባለው ሰው ላይ። አርባ ሰዎች ሕንፃውን ዞረን እንዲህ ተያይዘናል። አይዞህ፣ የኔ ልጅ፤ እዚህ ማንም ብቻውን አይወድቅም!»

«የመጨረሻውስ ሰው?»

«እሱን እንኳ አይቼው አላውቅም። ግን ብርቱ መሆን አለበት፤ ይህን ሁሉ ሰው ተሸክሞ!»

የለሳኙ ልብ መለስ አለ፤ ሥራውንም ጀመረ። ወዲያው ቀበቶው ከኋላው ሳብ አለ። ዘወር ቢል፣ ከወዲያኛው ማዕዘን ብቅ ያሉ አንድ ቀጭን ሽማግሌ መንጠቋቸውን ወገቡ ላይ ቆልፈው ላባቸውን ይጠርጋሉ።

«ተመስገን!» አሉ ሽማግሌው። «ከማለዳ ጀምሮ የምቆልፍበት ሰው አጥቼ የመጨረሻው እኔ ነበርሁ።»