የጠለቀው ይቅደም

ለሥልጣን የሚማር ሁሉ የማድላት ስሜቱ በመርፌ ይጥፋለት ተብሎ ሲታወጅ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ዘመድ ያለው እየቀደመን ለኖርን ሰዎች እንዴት አያስጨበጭብ! ባለቤቴ ትርሲት ሕግን፣ ኢኮኖሚንና ጤናን አጣምሮ የሚያስተምረውን የአስተዳደር ማስተርስ ስትጀምር፣ መርፌውን ልትወጋ ስትሄድ እጇን ይዤ የሸኘኋት እኔው ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጃችን ማርዳና የጎረቤታችን ልጅ ኪሩቤል ሲሯሯጡ ተጋጭተው አስፋልቱ ላይ ወደቁ። የሁለቱም ጉልበት ደማ። ማርዳ "እማዬ!" እያለች እጆቿን ዘረጋች። ትርሲት የሁለቱንም ጉልበት አየችና ኪሩቤልን አቀፈችው። ቁስሉን አጠበችለት፣ በፋሻ አሰረችለት፣ እንባውን ጠረገችለት። ከዚያ ወደ ማርዳ ዞር ብላ፣ "አሁን አንቺ ነይ" አለቻት።

"ልጅሽ እኮ ናት!" ብዬ ጮኽኩባት።

"ልጄ መሆኗን መች አጣሁት? የእሱ ግን ይጠልቃል።"

እውነቷን ነው፤ የእሱ ይጠልቅ ነበር። ያንገበገበኝም እውነቷን መሆኑ ነው። ማርዳንም ልክ እንደ እሱ አቀፈቻት፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።

ትናንት ትርሲት ለመጨረሻው ፈተና ስታጠና ማርዳ ከዓይኔ ተሰወረችብኝ። ፈልጌ ፈልጌ ጓሮ አገኘኋት። አጎንብሳ፣ መሻር የጀመረውን ጉልበቷን በጠጠር ትፍቃለች።

"ምን እያደረግሽ ነው፣ የኔ እናት?"

ጠጠሩን ከኋላዋ ደበቀች።

"እንዳትነግራት አባዬ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ከጠለቀ እኔን ነው የምታስቀድመው።"