የኦቦ ጋሮማ ውሻ

አጸደ ቋሚ ቤት እስኪገኝለት ብላ ቡራዩ ግቢዋ ውስጥ ላስጠጋችው ያረጀ ውሻ፣ በመጨረሻ ወሳጅ መጣለት። ኦቦ ጋሮማ አዲስ ማሰሪያ ይዘው ከሱሉልታ ድረስ መጥተው በሯ ላይ ቆመው ነበር። መለየቱ ከበዳትና፣ «ትናንት ሞተ እኮ፣ ኦቦ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አይዞሽ ልጄ፤ አንቺም ለምደሽው ነበር።»

ይህን እንዳሉ ውሻው ከጓሮ ጮኸ። ኦቦ ጋሮማ ቀደም ሲል መጥተው አይተውት ስለነበር ድምፁን ለይተውታል፤ ግን ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ሌላም ውሻ አለሽ ማለት ነው። ደግ ነው፣ ብቻሽን አልቀረሽም» አሉና ለመሄድ ዞሩ።

ፊቷ በእፍረት ጋለ። ቢሰድቧት ይቀላት ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ ኦቦ፤ እሱ ራሱ ነው» አለችና ቀና ብላ ልታያቸው ሳትደፍር፣ ልታመጣላቸው ወደ ጓሮ ሄደች።