አሥራ ሁለተኛው ክዳን

ሱሀይር የላፕቶፑን ስክሪን በመዳፏ ከፀሐይ ጋርዳ ቁጥሩን አነበበች፤ ስድስት። ከጠዋት ጀምሮ ራሷ የክዳን መምቻ ማሽኑን በቆርቆሮ ፈንታ ካርቶን እያጎረሰችው፣ የማሽኑ መቆጣጠሪያ ሰባት መቶ ሺህ ዙር ዞሯል። ከሁሉ የዘገየው ዙር የፈጀው ስድስት ሚሊሰከንድ ነው።

መቆጣጠሪያውን የሠራችው እሷ ናት። በየአሥር ሚሊሰከንዱ ከመምቻው ሥር እጅ መኖሩን ያያል፤ ካየ ብረቱን ያቆማል። አንድ ዙር ከአሥር ካለፈ ግን ቀጣዩን ማየት ይዘለዋል፤ ብረቱ ደግሞ አይጠብቅም። ባለፈው ዓመት የአንዲት ሠራተኛ ሁለት ጣት የወሰደው ይኸው ብረት ነው።

የቆርቆሮ ክዳን መምቻው ባለቤት ጋሽ ኑሪ አማካዩ ስንት እንደሆነ ጠየቋት። ሦስት መሆኑን ነገረቻቸው።

«ታዲያ ምን ቀረሽ? ሦስት ቀን ሙሉ መለካት። ወርቅ ሻጭ እንኳ እንዲህ አይመዝንም።»

«በአማካይ ጣቱ የሚቆረጥ ሰው የለም ጋሼ። በአንዷ ክፉ ዙር ነው።»

ሳቁ። እሷ ግን ማንም እንዳይጎዳ የመምቻውን ስለት አስፈትታ ሠራተኛዋን ሐጀራን ማሽኑ ፊት አስቀመጠቻት፤ እንደ ልማዷ እንድትሠራም ነገረቻት። ሐጀራ በዚህ ሥራ ላይ አምስት ዓመቷ ነው። ቆርቆሮውን በቀኟ እየገፋች፣ ያለፈውን በግራዋ እየሳበች ፈጠነች።

ቁጥሩ ድንገት አሥራ አራት አለ።

ሱሀይር ሽቦ የላላ መስሏት ነካካች፤ የላላ የለም። እንደገና አስጀመረቻት። አሥራ አንድ ክዳን በሰላም አለፈ፤ በአሥራ ሁለተኛው ላይ አሥራ አራት።

«ምን ነክተሽ ነው?»

«ምንም። ደርዘን ሞልቶ ደወሉ ሲጮህ የክዳን ቆጣሪውን ቁልፍ ተጭኜ ወደ ዜሮ መለስኩት።»

«በምንሽ?»

ሐጀራ ክርኗን አሳየቻት። «እጄማ ሥራ ላይ ነው።»

ሱሀይር ስትሞክር እጇን አውጥታ፣ ማሽኑን አቁማ፣ ቁልፉን በጣቷ ነበር የምትጫነው። ክዳን በደርዘን በሚሸጥበት ተራ እንዲህ ተዝናንቶ የሚሠራ የለም። ቆጠራው፣ ደወሉና ዜሮው እጅ ከብረቱ ሥር ሳለ ባንድ ዙር ላይ ይደራረባሉ፤ ዙሩንም ከአሥር ያሳልፉታል።

ጋሽ ኑሪ ስክሪኑን ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኼ ከስንት አንዴ ነው?»

«በየደርዘኑ።»

«በቀን ሁለት መቶ ደርዘን እንመታለን» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። ሄደው ማብሪያ ማጥፊያውን ራሳቸው አወረዱት።

ሐጀራ ከወንበሩ አልተነሳችም። ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ጥቂት ካየችው በኋላ፣ እንደበረደው ሰው ብብቷ ሥር ወሸቀችው።