በቀይ እስክሪብቶ የተሳለች ፀሐይ

«መድኃኒታቸውን በአግባቡ አይወስዱም» አለ የፋርማሲ ተማሪው ከታካሚዋ ካርድ ላይ እያነበበ። «ለዚህ ነው ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን የሳቱት።»

የሆስፒታሉ ፋርማሲስት የሆነችው የመምህርታቸው ደም ፈላ። አምስት ተማሪዎች አልጋውን ከበው ግማሽ ሰዓት ሲያወሩ፣ ከጊምቢቹ የመጡት እናት ጉያቸው ውስጥ የያዙትን ፌስታል አንዳቸውም አልከፈቱም። «ወረቀት ነው የምታክሙት ወይስ ሰው?» ብላ ጮኸችባቸውና ሴትዮዋን በሀዲይሳ ቋንቋ አስፈቅዳ ፌስታሉን አልጋው ላይ ገለበጠችው። የግፊት፣ የልብ፣ የጨጓራ መድኃኒት፤ ከመሃል ሁለት የስኳር ኪኒኖች። ስማቸው ይለያያል እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው።

«ሁለቱንም ነው የሚውጡት፣ እናቴ?»

«አንዱን ጤና ጣቢያ፣ አንዱን እዚሁ ነው የሰጡኝ። አንድ ቀን እንኳ አላስተጓጎልኩም፣ ልጄ።»

«ሰማችሁ? የሰጠናቸውን ሁሉ ወስደዋል! ሌላ ምን ይወስዳሉ ብሎ ሳይጠይቅ ይህንን የሰጣቸው ባለሙያ ማን ነው?» የሆስፒታሉን የኪኒን ፖስታ አንስታ ለተማሪዎቹ ልታሳይ ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። ማንበብ ለማይችል በሽተኛ «ጠዋት» ማለት እንዲሆን፣ ፖስታው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ባለ ሰባት ጨረር ፀሐይ ተስላለች። በሆስፒታሉ ውስጥ እንዲህ ያለች ፀሐይ የሚስል አንድ ሰው ብቻ ነበር። እስክሪብቶው አሁንም የጋውኗ ኪስ ላይ እንደተሰካ ነው።