ርክክብ በአልጋ ዳር

«ተነሱ አልኳችሁ እኮ!» አለች ሲስተሯ ለሦስተኛ ጊዜ። አንድም ሰው አልተነሳም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። በጠባቧ የነርሶች ክፍል ውስጥ ሲሠሩ ያደሩት ሁለት ነርሶችና ሥራውን የሚረከቧቸው ሦስቱ ጉልበት ለጉልበት ተጋፍተው ተቀምጠዋል። የወንዶች ክፍል ኃላፊ የሆነችው ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ከዳይሬክተሩ ቢሮ የመጣውን ደብዳቤ ታውለበልባለች። ደብዳቤው፣ ከዛሬ ጀምሮ የተረኞች ርክክብ እዚህ ተቀምጦ መሆኑ ቀርቶ በየበሽተኛው አልጋ አጠገብ ይሁን ይላል።

በዓመት ውስጥ ሦስተኛው ለውጥ ነው። መጀመሪያ የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ከኮሪደሩ ማዶ ወሰዱት። ቀጥሎ አሥራ አራት ዓምድ ያለው ቅጽ መጣ። ከላይ ሲያዟት፣ ከታች ሲያኮርፉባት የሲስተሯ አንጀት አሯል።

«ልጄ፣» አሉ ጥግ የተቀመጡት አንጋፋዋ ነርስ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉ ናቸው፤ ሲስተሯን ራሷን መርፌ አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሁሉም «ጄኔራሏ» ይሏቸዋል። «በሽተኛ ፊት ቆሞ ስለ በሽተኛ ማውራት ከየት የመጣ ነውር ነው?»

«ደብዳቤው ነው ያለው፣ እትዬ!»

«ደብዳቤው አልጋ ያነጥፍልናል?»

ሌሎቹ ሳቁ። ያን ጊዜ የሲስተሯ ደም ፈላ።

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ!» ብላ ጮኸች። «ትናንት ልወጣ ስል ነው እጄ ላይ ያስቀመጡት! እኔም ሰልችቶኛል!»

ሁሉም ቀና ብለው አዩዋት። ዓመቱን ሙሉ «ተወስኗል» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

ጄኔራሏ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይኸን ቀድመሽ ብትነግሪን ምን ነበረበት? እኛ እኮ ያንቺ ሐሳብ መስሎን ነው እልህ የተጋባነው።»

ሲስተሯ በሩን ተደግፋ በረዥሙ ተነፈሰች። «እሺ፣ የሚያስቸግርዎት ምኑ ነው? ከልቤ ነው የምጠይቅዎት።»

«ስድስተኛ አልጋ ያለው ሰውዬ፣ በሽታውን ሐኪሙ ገና አልነገረውም። ከኔ አፍ ይስማው?»

ሲስተሯ ደብዳቤውን ገልጣ ደግማ አየችው። ስለዚህ የሚል ነገር የለበትም።

«እንዲህ ያለውን እዚሁ በር ዘግተን እንጨርሰው፣» አለች በመጨረሻ። «ሌላውን አልጋው ጋ። ለዳይሬክተሩ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«እንዲያ ከሆነማ» አሉና ጄኔራሏ ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

አንደኛው አልጋ ላይ የተኙት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሌሊት ያደረችው ወጣት ነርስ ቅጹን ማንበብ ጀመረች፤ ትኩሳታቸው ገና መብረዱ ነው፣ ሐኪሙ አዲስ መርፌ አዞላቸዋል፣ ሁለት ሰዓት ላይ ይሰጣቸዋል። የመርፌውን ስም ስትጠራ ሽማግሌው ዐይናቸውን ገለጡ።

«ምን አልሽ?»

ደገመችላቸው።

«እሱማ አይሆንም! አምና ሌላ ሐኪም ቤት ወግተውኝ፣ ፊቴ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም፣ አባባ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነታቸውን ነው። ትናንት ጎረቤታቸው ደግፎ ሲያስገባቸው በትኩሳት ይቃዡ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የጠየቃቸው የለም። ወጣቷ ነርስ ፊቷ ዐመድ መሰለ። አንዷ ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች። ጄኔራሏ ቅጹን ተቀብለው ከአሥራ አራቱ ዓምዶች ለዚህ የሚሆን ቦታ ፈልገው አጡ። «አይ ቅጽ!» ብለው ጀርባውን ገለበጡና በትልልቁ ጻፉበት። ከዚያ በርጩማ ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«እስቲ አባባ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ሲስተሯ ሰዓቷን አየች። በዚህ አያያዝ እስከ ምሳም አያልቅም። ልትናገር ቀና ስትል፣ ሁለተኛው አልጋ ላይ ያለው ሰው ብርድ ልብሱን አስተካክሎ ጉሮሮውን ሲጠርግ አየችው። ከሱ ወዲያ ያለውም ትራሱን ተደግፎ ተራውን እየጠበቀ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውም።