ውሃ የማያስገባው ሳጥን

ጀልባ ሠሪው ልጁን ቀብሮ ሲመለስ ቤቱ አልገባም። መዶሻውን አንሥቶ በቀጥታ ወደ አማቹ፣ ሴት ልጁን ወዳገባው ቴክኒሻን ወርክሾፕ ሄደ።

ያየው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። ሽማግሌው ከተቆጣ ፊቱ የሚቆም የለም። በሥራው ግን ወደር አይገኝለትም፤ ከእጁ ከወጡት ጀልባዎች አንድም ውሃ ያስገባ የለም። ጎረቤቶቹ «እሱ ፊት አታዛጋ፣ አፍህን ይደፍንልሃል» እያሉ ይቀልዱበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴክኒሻኑ ሐይቁ ዳር ካለው ምሰሶ ላይ የአየር ግፊት መለኪያ በፕላስቲክ ሳጥን አድርጎ ሰቅሎ ነበር። ማዕበል ሊመጣ ሲል የአየሩ ግፊት ይወርዳል። ያን ጊዜ መለኪያው ቀይ መብራት ያበራል፤ ቀይ ከበራ ጀልባ አይወጣም። ዓመት ሙሉ አንዴም አልዋሸም። ባለፈው ማክሰኞ ግን ሳይበራ ቀረ። ልጁ ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ፤ ማዕበሉ መሀል ሐይቅ ላይ ደረሰበት።

ልጁና ቴክኒሻኑ ደግሞ በአንድ የተበላሸ ሞተር ሳቢያ ከተኳረፉ ሰንብተው ነበር። ይህን የማያውቅ ዓሣ አጥማጅ አልነበረም።

ቴክኒሻኑ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ፣ መዳፉን ከላዩ ጭኖ ተቀምጧል። ሚስቱ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ አጠገቡ ቆማለች።

«ውሃ አስገብተህ ነው!» አለ ሽማግሌው ገና ከበሩ። «ስንጥቅ ትተህበት ነው!»

«ውሃ አልገባም፣ አባባ። ውስጡ ደረቅ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልበራም?»

ቴክኒሻኑ ሳጥኑን ከጠረጴዛው አንሥቶ ደረቱ ላይ አቀፈው።

«ሆን ብለህ ነዋ! በሞተሩ ቂም ይዘህበት! ተናገር!»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ቴክኒሻኑ።

መዶሻው መጀመሪያ ትከሻው ላይ አረፈ። አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ሁለተኛው ጉልበቱን አገኘው። ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ሳጥኑን ግን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ አልለቀቀም። ሽማግሌው ጎኑን በእርግጫ ደጋገመው። ደም ከአፉ ወጣ። ሽማግሌው ያለቅሳል፤ እያለቀሰ ይመታል። አንድ ወንድ ልጅ ነበረው፣ እሱንም ቀበረ፤ ከእንግዲህ ምን ይፈራል?

«አባዬ፣ ተወው! እሱ አይደለም፣ እሱ እኮ—»

«ዝም በይ!» ብሎ ጮኸ ቴክኒሻኑ ከወለሉ። «ምለሽልኛል!»

ሽማግሌው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። ምስጢር አላቸው ማለት ነው! የገዛ ልጁ የወንድሟን ደም ለባሏ ብላ ደብቃለች! አማቹን ደረቱ ላይ በጉልበቱ ተጭኖ መዶሻውን ከራሱ በላይ አነሣ። አናቱን ሊለው ነው።

ልጅቷ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። በአንድ እጁ ወረወራት። ተነሥታ ሳጥኑን ከባሏ እቅፍ መነጨቀችና ሥሩን ወደ ላይ አዙራ አባቷ ፊት ደቀነችው።

«ይህቺ ቀዳዳ የአየር መግቢያው ነበረች፤ ያለሷ ምንም አይለካም» አለች። «ከማዕበሉ በፊት ምሰሶው ሥር ጀልባህን ሬንጅ ስትቀባ፣ ሳጥኑ ውሃ እንዳያስገባ ብለህ የደፈንካት አንተ ነህ፣ አባዬ።»