መቶ ሠላሳ ስድስት ሰው

ከነዓን የመጠይቅ ወረቀቶቹን ክምር ከፍ አድርጎ ለጉባኤው አሳየ። ክሬጊበርን በሚባለው ሰፈራቸው ምግብ ቤት ቢከፍት፣ ከመቶ አርባ ምእመናን መቶ ሠላሳ ስድስቱ «በየሳምንቱ እመጣለሁ» ብለው ሞልተውለት ነበር። «ከዚህ በላይ ምን ጥናት አለ?» አለ።

ገንዘቡን ሊያበድሩት ያሰቡት እትዬ እናኑ ከፊት ወንበር ተነሡ። «ማነው ያስሞላው?»

«እኔው ራሴ፣ እትዬ። በር ላይ ቆሜ፣ አንድ በአንድ።»

«እስክሪብቶውንም አንተው እያቀበልክ?» ሣቁ። «ታዲያ ፊት ለፊት ማን አልመጣም ይልሃል? በሉ፣ ሁላችሁም እንደ ጸሎት ዓይናችሁን ጨፍኑ። አንተም ጨፍን። የእውነት የሚመጣ እጁን ያንሣ።»

ከነዓን ጨፍኖ የልብስ ኮሽታ ጠበቀ። የሰማው የማሞቂያውን ጉርምርምታ ብቻ ነበር። አላስችል ቢለው አጮለቀ። ከወንበሮቹ በላይ አንድም እጅ አልነበረም። የተቀመጠው ሁሉ እንደታዘዘው ጨፍኗል፤ ሚስቱ ብቻ ዓይኗን ገልጣ ትኩር ብላ ታየው ነበር። ሁለቱም እጆቿ መጽሐፍ ቅዱሷ ላይ ነበሩ።

«ተባረኩ» አሉ እትዬ እናኑ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ «አሁን እጃችሁን አውርዱ።»